ሽማግሌ የገባበት መንገድ

በ2094 ዓ.ም. በደረቅ ወይራ ከተማ መኪና ከፍ የሚያደርግ ሰው አሊጋዝ ይማም ብቻ ነበር። ከፍ ማድረግ ሲባል በክሪክ አንስቶ መልሶ ማውረድ አይደለም። በአየር ከረጢቱና በአክስሉ መካከል የጡብ ውፍረት ያለው ብረት ይገባል፣ አጭሩ ቡሎን በረጅም ይለወጣል፣ መኪናውም ከተሠራበት ቁመት አንድ ስንዝር ጨምሮ ከጋራዡ ይወጣል። ደረቅ ወይራ ውስጥ አርባ አንድ የጭነት መኪኖች ነበሩ። አርባ አንዱም በአሊጋዝ እጅ አድገዋል።

ይህ ሁሉ የመጣው በጠጠሮ ነው። ጠጠሮ ከከተማዋ እስከ አስፋልቱ የሚደርሰው አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ይባላል እንጂ ግማሹ የደረቀ ወንዝ ነው። መንገድ እየዞረ የሚያይ ሠራተኛ ከቀረ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መንገዱን የሚያዩት መኪኖቹ ናቸው። እያንዳንዱ መኪና የተናጠውን ያህል ይመዘግባል፣ ሲቆም ይልካል፣ ወሩ ሲያልቅ መንገዱ ከመቶ ውጤት ይሰጠዋል። ከሃምሳ በታች ያገኘ ይጠገናል። ከሰማንያ በላይ ያገኘ «ምቹ» ተብሎ ይመሰገናል።

ጠጠሮ ላይ ያልተነሳ መኪና ሆዱን ድንጋይ ይቀደው ነበር። የተነሳ መኪና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በየጎማው አጠገብ እንደ እርሳስ የቀጠነች የሴንሰር ዘንግ አለች፤ ሥራዋ የመኪናውን ቁመት ለኮምፒውተሩ መንገር ነው። መኪናው ሲነሳ ዘንጓ ትወጠራለች። ኮምፒውተሩም «ይሄ መኪና ያለ ፈቃዴ ቆሟል» ብሎ አየሩን ያስተነፍሰዋል። አየር የሌለው መኪና ብረት በብረት ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዷ ጠጠር ቀጥታ ወደ ሹፌሩ ወገብ ትወጣለች። ኮምፒውተሩ መናጡን ሲያይ ደግሞ ለራሱና ለጭነቱ አዝኖ ፍጥነቱን በሰዓት ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ያወርዳል። መጀመሪያ የተነሳው የደምሌ መኪና ነበር። ደምሌ ያቺን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶ ተመለሰና እንደ አራስ ሁለት ቀን ተኛ።

አሊጋዝ አሰበበት። ዘንጓን አስረዘማት፤ ኮምፒውተሩ መኪናው በቁመቱ ያለ መሰለው። ከዚያ መሃሏን ቆርጦ ከአሮጌ ጎማ በወጣ ላስቲክ ቀጠላት። ላስቲኩ መናጡን ዋጠው። ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ምንጣፍ ላይ የመሄድ ያህል ነበር፤ ስለዚህ ፍጥነት መቀነሱን ተወ። ንዝረት የሚውጠውን አሞርዛተር ማለስለሱንም ተወ። መኪናው ከበፊቱ ይልቅ ሲነጥር፣ ሲወዛወዝ፣ ሹፌሩን ከጣሪያ ሲያጋጭ፣ ኮምፒውተሩ በሰላም ይተኛል። ሹፌሮቹ ወገባቸውን በመቀነት ሦስት ዙር ጠምጥመው መንዳት ለመዱ። በየማለዳው መኪናው በለስላሳ የሴት ድምፅ «ትናንት በምቾት ተጉዘናል፣ ዛሬም እንዲሁ ይሁንልን» ሲል፣ መቀነታቸውን እያጠበቁ «አሜን» ይሉታል።

የዘንጓን ስም ያወጡላት ሹፌሮቹ ናቸው። «ሽማግሌ» አሏት፤ በሁለት የተጣሉ ወገኖች መካከል ገብታ የአንዱን ስድብ ለሌላው ስለማታደርስ። «ጋሽ አሊጋዝ፣ ሽማግሌ አስገባልኝ» ማለት በደረቅ ወይራ ዘይት ቀይርልኝ እንደማለት ሆነ። አሊጋዝም በሥራው ይኮራ ነበር። የሚኮራበትም ምክንያት ነበረው፤ ከተማዋ ማንጎዋን ሳይበሰብስ ገበያ ያደረሰችው በእሱ ላስቲክ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የከተማዋ አዋላጅ ነርስ ሲስተር ወይንሸት ስልኳን ይዛ ወደ ጋራዡ መጣች።

«ጋሽ አሊጋዝ፣ የወሊድ ክፍሉ በዚህ ወር መጨረሻ ሊዘጋ ነው።»

አሊጋዝ ከመኪና ሥር ወጣ። «ምን ሆኖ?»

«መንገዳችን ምቹ ስለሆነ።»

ሳቀ። ሲስተር ወይንሸት አልሳቀችም። ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አነበበች፦ «ከደረቅ ወይራ ወደ ዞኑ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ከመቶ ዘጠና አራት በማግኘቱ፣ እናቶች በምቾት ተጉዘው መውለድ ስለሚችሉ፣ የአካባቢው የወሊድ ክፍል ይታጠፋል።» ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ከዞኑ አንደኛ ነን አሉ።»

አሊጋዝ በእጁ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ይዞ ነበር። አየው። ከዚያ መቀመጫ ፈልጎ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ልጁ ሉባባ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ባሕር ላይ ነበር። የእንግዴ ልጁ የማህፀኗ አፍ ላይ ስለተቀመጠ በሁለተኛው ምርመራ ሲስተር ወይንሸት ጥብቅ ቃል አስገብታታለች፦ መዝለል የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ መኪና የለም። በተለይ መኪና የለም። ጊዜዋ ሲደርስ እዚያው ደረቅ ወይራ፣ ከቤቷ አምስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ጠጠሮ ላይ ከተናጠች ግን ደሟ አስፋልቱ ሳይደርስ ያልቃል። ይህን አሊጋዝ ያውቃል። ጠጠሮን ለስላሳ ያደረገውም እሱ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው።

«ዘንጎቹን አወጣለሁ» አለ።

«ሁሉንም?»

«ያስገባሁትን ሁሉ።»

ሹፌሮቹ የራሳቸው ቅሬ አላቸው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብሩበት፣ ሲታመም የሚሸከሙበት ማኅበር ነው። ሰብሳቢው ደምሌ ነበር። አሊጋዝ ፊታቸው ቆሞ ነገሩን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ደምሌ መቀነቱን አላልቶ፣

«ያስገባኸው አንተ፣ የምታወጣው አንተ። ወገባችን መጫወቻህ ሆነ እኮ ጋሼ!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ደምሌ ራሱ ግን ፊቱን አልፈታም፤ ሚስቱ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። «አሥራ አምስት ቀን እንታገሣለን። ማንጎው ቢበሰብስም ይበስብስ» አለ።

በሦስት ቀን የአርባ አንዱም መኪና ዘንግ ወጥቶ የፋብሪካው ተመለሰ። መኪኖቹ እንደ ኤሊ ተጎተቱ፣ ኮምፒውተሮቹ ጮኹ፣ የመናጡም ልክ በየጉዞው ተላከ። በአሥረኛው ቀን ለሁሉም ሹፌሮች አንድ ዓይነት መልእክት መጣ፦ «በደረቅ ወይራ 41 መኪኖች በአንድ ጊዜ ያልተለመደ መናጥ አሳይተዋል። መንገዱ ምቹ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ ብልሽቱ የመኪኖቹ ነው። የላኩት መረጃ ተሰርዟል። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጋራዥ ይቅረቡ።»

በአቅራቢያቸው ያለው ጋራዥ የአሊጋዝ ነው። ተራ በተራ መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይራገማል። አሊጋዝ ሽማግሌዎቹን መልሶ አስገባ። ዘጠና አራቱ ዘጠና አራት ሆኖ ቀረ። በወሩ መጨረሻ አንድ መኪና መጥቶ አልጋዎቹን፣ የኦፕራሲዮን መብራቱንና የሕፃን ሚዛኑን ጭኖ ሄደ። በጠጠሮ ሲያልፍ ሚዛኑ ተሰበረ አሉ።

ሉባባ ከተባለላት ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድማ ገና ጎህ ሲቀድ ደም አየች። ትንሽ ነበር። ሲስተር ወይንሸት አይታ፣ «ዛሬ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ነገሩን ቀድመው መክረውበት ነበር። አሥራ አንዱን ኪሎ ሜትር ሉባባ በቃሬዛ ትሄዳለች፤ የቅሬው ሃያ አራት ሰዎች አራት አራት እየሆኑ ይሸከሟታል። ከአስፋልቱ በኋላ ያለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ደግሞ ደህና መንገድ ነው፤ እዚያ የደምሌ መኪና ይወስዳታል። ለዚህ ሲል አሊጋዝ ብረቱን አውጥቶ፣ ዘንጉን መልሶ፣ የደምሌን መኪና ወደ ተወለደበት ቁመት አውርዶታል። የተነሳ መኪና አስፋልት ላይም ቢሆን እንደ ግመል ይወዛወዛል፤ አየሩም አሞርዛተሩም ያለ ቦታቸው ተወጥረው ማለስለስ አይችሉም። ዝቅ ያለው መኪና ጠጠሮን ባዶውን፣ በሰው እርምጃ፣ ከቃሬዛው ኋላ እየዳኸ እንዲያልፍ ተወሰነ።

ሊነሱ ሲሉ ሲስተር ወይንሸት የሉባባን ግራ እጅ ይዛ አንድ አምባር አሠረችላት።

«ምንድነው?» አለ አሊጋዝ።

«የእናት አምባር ነው። ለመውለድ የምትጓዝ ሁሉ ታስረዋለች። መንገድ ላይ የተናጠችውን ይመዘግባል።»

«ሪፖርቱ ወዴት ይሄዳል?»

«ለወሊድ ክፍሉም ለመንገዱም። ከመኪና ይልቅ ይሄን ነው የሚያምኑት።» መድኃኒቷን ልትይዝ ወደ ውስጥ ገባች።

አሊጋዝ አምባሩን አየ። ሃያ አራት ሰው በጥንቃቄ የሚሸከማት ሴት ምን ያህል ትናጣለች? ምንም። አምባሩ ዘጠና ስምንት ብሎ ይልካል። ጠጠሮ በልጁ ደም ምክንያት አሁን ካለውም የባሰ ምቹ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ ማሠሪያውን ፈታ።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሉባባ።

«መንገዱን እውነት ላናግረው ነው። ክንድሽን በጋቢ ሸፍኚ።»

ከደምሌ መኪና ሥር ገብቶ አምባሩን ከፊት አክስሉ ጋር በሽቦ ጥብቅ አድርጎ አሠረው። ላስቲክ የለ፣ አየር የለ፣ ብረት በብረት። ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወር ደስ ብሎት ነበር።

ጉዞው ተጀመረ። ከፊት የሚሄደው «ድንጋይ በቀኝ»፣ «ዝቅ»፣ «ቀስ» እያለ ይጣራል፣ ተሸካሚዎቹ ጉልበታቸውን እያጠፉ ቃሬዛውን እንደ ሙሉ እንስራ ይዘውት ይወርዳሉ። ከቤቷ ከወጣች አንድ ድንጋይ ያልነካት ሉባባ ሰማዩን እያየች ትሄዳለች። ከኋላ መኪናው ይንገጫገጫል፤ አክስሉ ከድንጋይ ድንጋይ ይወድቃል፤ በመኪናው ውስጥ የምትናገረው ሴትዮም በየመቶ ሜትሩ «ይህ መንገድ ለዚህ መኪና አይመከርም» ትላለች። «ዛሬ ገና ገባሽ?» ይላታል ደምሌ።

ጠጠሮ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ኔትወርኩ የሚይዘው አስፋልቱ የሚታይበት ዳገት አናት ላይ ሲደርሱ ነው። መኪናው የመዘገበውን ላከ፣ አምባሩም ተከትሎ ላከ። ከዚያ የሃያ አራቱም ሰዎች ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሞት ሲመዘገብ በራሱ የሚጮኸው የቅሬው የሐዘን ድምፅ ነበር፤ ሁሉም ያውቁታል። ቃሬዛ ያልያዙት ስልካቸውን አወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ከልማድ የተነሳ «ኢናሊላሂ» ብሎ ጀመረና ወደ ቃሬዛው ዞሮ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ማን ሞተ?» አለች ሉባባ።

ሰዎቹ ስልካቸውን ከዓይኗ ሲሸሽጉ ደግማ ጠየቀች፦

«ማን ነው የሞተው? የማውቀው ሰው ነው?»

«አንቺ» አላት ስልኩን የያዘው ሰው።

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «የቅሬው አባል ሉባባ አሊጋዝ ዛሬ ከጠዋቱ 2፡40 ለወሊድ ሲጓዙ በመንገድ ላይ አርፈዋል። አባላት ለቀብር እንዲወጡ።» ሲስተር ወይንሸት ጋቢውን ገለጠች። ክንዱ ባዶ ነው።

«አምባሩስ?»

አሊጋዝ በጣቱ ወደ መኪናው ሆድ አመለከተ።

«ጋሼ! የልብ ምት ይቆጥራል እኮ!»

አሊጋዝ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከመኪና መናጥ ጋር ሲታገል ስለኖረ ስለ መናጥ እንጂ ስለ ልብ አላሰበም። ለአምባሩ የደረሰው ይህ ነበር፦ ሰው የማይችለው መናጥ፣ ለሰዓታት ተፈልጎ የታጣ የልብ ምት። ከዚህ ሌላ ምን ብሎ ሊረዳው ይችላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ መንገዱን እውነት አናግራለሁ ብሎ የገዛ ልጁን ገደላት።

«አሁን መልሰን ብናሥርላትስ?» አለ። ቁልፍና ጉጠቱን አንስቶ መኪናው ሥር ገብቷል።

«ባረፈች በአንድ ሰዓት ውስጥ ምት ካገኘ ይመልሳታል። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል» አለች ሲስተር ወይንሸት። ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። «ሃያ ደቂቃ አለን። ፍጠን።»

ቃሬዛው መሬት ላይ በቀስታ ተቀምጦ ነበር። ሉባባ በክርኗ ልትነሳ ስትል ሲስተር ወይንሸት መልሳ አስተኛቻት።

«ሲስተር፣ እናት መንገድ ላይ ስትሞት ክፍሉ ምን ይሆናል?» አለች ሉባባ።

ሲስተር ወይንሸት ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሳ፣ «በሦስት ቀን ይከፈታል። ደንብ ነው» አለች።

«ስንት እናት ስትሞት?»

«አንድ ትበቃለች።»

«ደረቅ ወይራ ውስጥ ስንት እርጉዝ አለ?»

«አሥራ አራት። አንቺን ሳይጨምር።»

ደምሌ ከመኪናው ወርዶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ አውጣው!» ብሎ ጮኸ። «በእኔ ሚስት ምክንያት ነው እንዳይባል። አውጣውና እሰርላት!» የሚስቱን ነገር ያነሳ ሰው ግን አልነበረም።

«አባዬ» አለች ሉባባ። «ተወው።»

አሊጋዝ መኪናው ሥር ተንጋሎ ነበር። ሽቦው ከአፍንጫው በላይ ነው። ጉጠቱ አንዴ ቢጨምቅ ይቆረጣል። ሽቦውን እያየ ልቡ እስኪሰማው ድረስ መታ፤ አምባሩ ያንን ምት ቢቆጥር ኖሮ ብሎ አሰበ። ለኮምፒውተር መዋሸት ለእሱ ሥራ ነበር፤ ሁልጊዜም ውሸቱ ሰው ያሳልፍ ነበር። ይሄኛው ውሸት ግን ልጁን ከሰው መዝገብ የሚያወጣ ነው። ያስፈራው ይህ ነው፤ መፍራቱንም አልደበቀም፤ አለቀሰ። ከላይ ያሉት ሰሙት።

«አባዬ፣ እኔ አልሞትኩም እኮ። ይሄው እየተናገርኩ ነው» አለችው።

ጉጠቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን የአምባሩ አረንጓዴ መብራት ሁለቴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

አስፋልቱ ላይ የደምሌ መኪና እንደ ድሮው ሆነ። ዝቅ ብሎ፣ አየሩን ጉድጓድ ሲያይ እያለሰለሰ፣ ሃምሳውን ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሄደ። አሊጋዝ የልጁን እግር ይዞ ተቀምጦ መኪና ሲሠራ የታሰበው ለዚህ እንደነበረ ትዝ አለው። ሉባባ እንቅልፍ ወሰዳት።

የሆስፒታሉ በር ለሞተ ሰው አይከፈትም። ሲስተር ወይንሸት መስታወቱን እየደበደበች ጮኸች፤ አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ ሉባባን አየ፣ ደሙን አየ፣ መዝገቡን አየ። «መዝገቡን በኋላ» ብሎ በሩን በእጁ ይዞ አስገባቸው። ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። የሕፃኗ የልደት ወረቀት ላይ እናት በሚለው ቦታ «በሕይወት የለችም» ተብሎ ታተመ።

የወሊድ ክፍሉ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ጠጠሮ ከመቶ ሰባት አገኘ፤ በሁለት ወር ውስጥ ድንጋዩን የሚያነሱ ማሽኖች መጡ። ሹፌሮቹ ብረታቸውንም ሽማግሌዎቻቸውንም አስወጥተው መቀነታቸውን ፈቱ። የአርባ አንዱ መኪና ሽማግሌዎች በአሊጋዝ ጋራዥ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅለዋል፤ መኪና ከፍ አድርግልኝ የሚል ሰው ከመጣ ከራርሟል።

የሉባባ ባል መልእክቱ መርከብ ላይ ደርሶት ድምፅዋን እስኪሰማ ሁለት ቀን አልቅሷል። ቅሬው ተሰብስቦ «የዚህች ልጅ ቀብር ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ከተከራከረ በኋላ፣ በእውነት ስትሞት እንደገና እንወጣለን ብሎ ወሰነ። ሉባባ መኪና ስትሳፈር የመኪናው ሴትዮ «ያልተመዘገበ ጭነት፣ ሃምሳ አራት ኪሎ» ትላለች። በስሟ ስልክ አይወጣላትም። መዝገቡ እንዲታረም አቤት ብለው ነበር፤ መልሱ አመልካቿ ራሷ ትቅረብ የሚል ነው፤ ስትቀርብ ደግሞ የመዝገብ ቤቱም በር ለሞተ ሰው አይከፈትም። ሲስተር ወይንሸት መዝገቡ እንዲከፈት ከተደረገ ክፍሉ እንደገና ሊዘጋ እንደሚችል በሹክሹክታ ነገረቻት። ሉባባም አቤቱታውን ተወችው።

ሕፃኗ ዘጠኝ ወር ሲሆናት ለክትባት ወሰዷት። ከወሊድ ክፍሉ በር በላይ «የሉባባ አሊጋዝ መታሰቢያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በመስኮቱ የደምሌ ሚስት የወለደችበት አልጋ ይታያል፤ አሁን ሌላ ሴት ተኝታበታለች። የበሩ ማሽን የሕፃኗን ፊት አይቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ሕፃኗን ያመጣት ማን ነው?»

«እናቷ» አለች ሉባባ ሳታስበው።

«እናት በሕይወት የለችም። እባክዎ ከሚከተሉት ይምረጡ፦ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት።»

አሊጋዝ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «እኔ ልበል?» አላት። «አያት የሚለው አለ።»

ሕፃኗ ጡት ፈልጋ የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች። ሉባባ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስሟን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አቅፌያት ያለሁት እኔ ነኝ» አለችና «ጎረቤት» የሚለውን ተጫነች። በሩ ተከፈተ።